አውራ ጣቴን የት አደረግሽው?

«አውራ ጣቴን የት አደረግሽው?»

ይህን የጠየቁኝ አንዲት ልብስ ሰፊ ናቸው። ስቱዲዮዬ የጠራኋቸው እኔው ነኝ። ግድግዳው ላይ የራሳቸው ምስል ተሰቅሏል። ምስል የምለው ፎቶ ብቻ ስላልሆነ ነው። ፎቶ አለው፣ ቁራጭ ጨርቅ አለው፣ ክር አለው፣ ልኬት የተጻፈበት ወረቀት አለው፣ ከላይ ሰማያዊ ቀለም ፈሶበታል። ሁለት ወር ደክሜበታለሁ። ከኋላቸው ቆሜ ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር። እሳቸው ዝም ብለው አዩት፣ ቀረብ አሉ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ ከዚያ ዞር ብለው ጣታቸውን ጠየቁኝ።

እውነታቸውን ነው። በፎቶው ላይ ግራ እጃቸው ጨርቁን ወጥሮ ይዟል። አራት ጣት ይታያል። አምስተኛው የነበረበትን ቦታ እኔ ቆርጬ አውጥቼ ቁራጭ ገበር ለጥፌበታለሁ። ለምን? የገበሩ ግራጫ ከፎቶው ጥላ ጋር ስለሄደልኝ። ሌላ ምክንያት ብፈልግም የለኝም።

«ያለሱ እኮ ምንም መስፋት አልችልም» አሉ። ቁጣ አልነበረውም። እጅጌ ገልብጦ የሰፋ ተለማማጅ እንደሚታየው ነው ያዩኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብል ውሸት ይሆናል። ተኝቻለሁ። ጥያቄው ግን ከዚያ ወዲህ አብሮኝ ይኖራል። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ላውጣው ብዬ ነው።

*

ሁለት ዓይነት ሥራ እሠራለሁ። አንዱ ዶክመንተሪ ፎቶግራፍ ነው። አንድ ቦታ እሄዳለሁ፣ እመላለሳለሁ፣ ሰዎቹ መኖሬን እስኪረሱ እቀመጣለሁ፣ ያየሁትን አነሳለሁ። ሌላው ሚክስድ ሚዲያ የሚባለው ነው። እጅ የገባውን ሁሉ አንድ ላይ መለጠፍ፣ መስፋት፣ መቀባት፣ መፋቅ። ለብዙ ዓመት ሁለቱን እንደ ሁለት የማይዋደዱ ዘመዶች አራርቄ ነው የያዝኳቸው። ጠረጴዛም ለየብቻ ነበራቸው። የፎቶው ጠረጴዛ ላይ መቀስ አይወጣም ነበር።

የዶክመንተሪ ሕግ በአጭሩ ሦስት ነገር ነው። አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አታዘጋጅ። ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በፎቶው ውስጥ ያለን ሰው ወይም ዕቃ መንካት አይቻልም። እኔም ይህን ሕግ ሳከብር ኖሬያለሁ፤ ትንሽም እኮራበት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው የስፌት ክፍሉን ፎቶ ሳነሳ ነው። አምስት ሴቶች የሚሠሩበት አንድ ክፍል። ሦስት ዓመት ተመላለስኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መኪናዎቹ አብረው ሲነሱ ጆሮ ይይዛሉ፣ ወለሉ ሁልጊዜ በክር የተሸፈነ ነው። አራት ሺህ የሚያህል ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ስሌት ሠራሁ። አብዛኛውን ያነሳሁት በሰከንድ 125ኛ ፍጥነት ነው። አራት ሺህን ለ125 ሳካፍለው 32 ሰከንድ መጣ።

32 ሰከንድ! የሦስት ዓመት ምልልሴ ሲጠቀለል። የአንድ ሱሪ እግር እንኳ በዚህ ጊዜ አይቀመቀምም።

ፎቶዎቹ መጥፎ አልነበሩም። ንጹህ ነበሩ። ክፍሉ ግን ንጹህ አልነበረም። ስፌት ድግግሞሽ ነው፤ ያው መስመር፣ ያው እጅ፣ ያው የእግር ግፊት ቀኑን ሙሉ። እኔ ከዚያ ድግግሞሽ ውስጥ ብርሃኑ ያማረበትን አንዱን ለቅሜ ቀሪውን ትቼዋለሁ። ፎቶዎቹን ደርድሬ ሳያቸው አምስት ሴቶች ለአንድ አፍታ ቆመው የሚያርፉ ይመስሉ ነበር። እነሱ ደግሞ ሲያርፉ አይቼ አላውቅም።

አንድ ምሽት ክፍሉ ሲጠረግ ቁርጥራጭ የሞላበት ከረጢት ሊጣል በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ልውሰደው አልኩ። ሳቁብኝ። ቤት ወስጄ ሁሉንም ወለል ላይ ዘረገፍኩት። ጨርቅ፣ ገበር፣ የክር ጉንጉን፣ የተሰበረ ቁልፍ፣ አንድ የተጣመመ መርፌ (መኖሩን ያወቅኩት በእግሬ ነው)። ከሁሉም የገረመኝ ወረቀቱ ነው። ልብስ ከመቆረጡ በፊት ቅርጹ የሚወጣበት ቡናማ ወረቀት። ዳሩ ላይ በእርሳስ ቁጥር አለ። የትከሻ ስፋት፣ የወገብ ዙሪያ፣ የእጅጌ ርዝመት። የማን እንደሆነ አላውቅም። ግን የሆነ ሰው ሜትር ይዞ የሌላውን ሰው ገላ ለክቷል፣ ጽፏል። ሰነድ ማለት ይሄ አይደል እንዴ? እኔ ለሦስት ዓመት በሌንስ ስፈልገው የነበረው በከረጢት ሊጣል ነበር።

በማግስቱ ሁለቱን ጠረጴዛ ገጥሜ አንድ አደረግኋቸው።

*

ማጣበቅ እንደ ሥነ ጥበብ ሲቆጠር አዲስ ነገር አይደለም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1912 ፒካሶ የወንበር ሽመና የታተመበት የዘይት ጨርቅ ሸራው ላይ ለጠፈ፤ ዙሪያውን ደግሞ እውነተኛ ገመድ በፍሬም ፋንታ አሠረበት። በዚያው ዓመት ሠዓሊው ብራክ የእንጨት መልክ ያለው የግድግዳ ወረቀት ቆርጦ ሥዕሉ ውስጥ አስገባ። ኮላዥ የሚለው ቃል ራሱ የመጣው «ማጣበቅ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ይህን ታሪክ ሥዕል የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔን የያዘችኝ ግን ሐና ሆኽ ናት። ይህች ጀርመናዊት ከ1916 ጀምሮ ለአሥር ዓመት በርሊን ውስጥ በአንድ ትልቅ የመጽሔት አሳታሚ ቤት ተቀጥራ ሠርታለች። ሥራዋ የሹራብ፣ የዳንቴልና የጥልፍ ንድፍ ማውጣት ነበር። የሴቶች የእጅ ሥራ ገጽ። ቀን ቀን ቤት ውስጥ ለሚሰፉ ሴቶች ንድፍ ታወጣለች፤ ማታ ያንኑ ዓይነት መጽሔት በመቀስ እየቆራረጠች የዘመኑን ፖለቲከኞች ራስ ከዳንሰኞች ገላ ጋር ትገጥማለች። በ1920 በርሊን በተካሄደው የዳዳ (የተለመደውን ጥበብ ያፌዙበት የነበሩ ሠዓሊዎች እንቅስቃሴ) ዓውደ ርዕይ ላይ የቀረበው ትልቁ ፎቶሞንታዧ በርዕሱ ውስጥ የወጥ ቤት ቢላዋ አለበት። የሰዓሊ ብሩሽ ወይም የቅርጽ መሮ መጥራት ትችል ነበር። የጠራችው ቢላዋውን ነው።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ እንዲህ ያለ ሥራ ተወገዘ። እሷ ከበርሊን ዳር ወዳለች ትንሽ ቤት ገብታ የራሷንና የጓደኞቿን ሥራዎች ደብቃ ጦርነቱን አሳለፈች። ዛሬ የዚያን ዘመን ዳዳ የምናየው በከፊል አንዲት ንድፍ አውጪ ቁርጥራጭ ወረቀት መጣል ስላልሆነላት ነው።

ከኛዎቹ ደግሞ ኤልያስ ስሜ አለ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ከተጣሉ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችና ሽቦዎች በሚገጥማቸው ግዙፍ ሥራዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሸራ ላይ ክር ሲሰፋ፣ ቁልፍ ሲደረድር ኖሯል። የሽቦ ሥራዎቹን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ያ የስፌት እጅ አሁንም አለ።

*

አሁን ትንሽ ስለ እጅ ሥራው ላውራ። የሚሰለቸው ካለ ይዝለለው፤ እኔ ግን የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

ፎቶን ከወረቀት ወደ ጨርቅ የማሻገር ዘዴ አለ። ፎቶው በሌዘር ፕሪንተር ይታተማል። ጨርቁ ላይ አክሪሊክ ጄል በደንብ ይቀባል። ኅትመቱ በፊቱ ተደፍቶ ይለጠፋል። ያድራል። በማግስቱ የወረቀቱ ጀርባ በውሃ ይረጥብና በጣት እየታሸ ይነሳል። የሌዘር ቶነር (የፕሪንተሩ ዱቄት ቀለም) ፕላስቲክነት ስላለው ጄሉ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ ወረቀቱ ብቻ ይሄዳል። ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ተራ ኢንክጄት ፕሪንተር ከታተመ ግን ውሃው ሲነካው ቀለሙ አብሮ ይሄዳል። ይህን ያወቅኩት እንዴት እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነበር። ተገልብጦ የሚለጠፍ ነገር ግራና ቀኙ ይቀያየራል። ከመታተሙ በፊት በኮምፒውተር መገልበጥ አለበት። እኔ ረሳሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አምስቱንም ሴቶች ግራኝ አድርጌ ስሠራ ከረምኩ። ያወቅኩት የልኬት ቁጥሮቹ እንደ መስታወት ተገልብጠው ስላገኘኋቸው ነው። ሰው ሲገለበጥ ዓይኔ አልያዘውም፤ ቁጥር ሲገለበጥ ያዘው።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮበርት ራውሸንበርግ ከ1958 እስከ 1960 በሠራቸው 34 ሥዕሎች የተጠቀመው ዘዴ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። የመጽሔት ፎቶ በላይተር ቤንዚን ያርስና ወረቀት ላይ ደፍቶ ቀለም ባለቀበት እስክሪብቶ ጀርባውን ይፈትገዋል። ምስሉ በጭረት ይሻገራል። እያንዳንዱ ጭረት እጁ የሄደበት ነው። ይሄ ነው የምወድለት። ፎቶ ነው፣ ግን ማን እንዳሻገረው ይታያል።

በኔ ዘዴ ወረቀቱን የማሸው በአውራ ጣቴ ነው። የሰው ፊት ላይ። ትንሽ ከጸና ዓይኑ ይነሳል፣ ትንሽ ከላላ የወረቀት ጭጋግ ይቀራል። አንድን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ለመምረጥ ሁለት ሰከንድ ይበቃኛል። እዚህ ግን የአንዲት ሴትን ግንባር አርባ ደቂቃ ሳሽ እውላለሁ። 32 ሰከንዷ በዚህ በኩል ትንሽ ትንሽ ትመለሳለች።

ሰማያዊው ደግሞ ሳያኖታይፕ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል በ1842 ያገኘው ዘዴ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አና አትኪንስ የባሕር አረሞችን በቀጥታ ወረቀቱ ላይ እያስቀመጠች በዚሁ ዘዴ ማተም ጀመረች፤ በፎቶግራፍ ሥዕል የተዘጋጀ የመጀመሪያው መጽሐፍ የሷ ነው ይባላል። ለዚህ ካሜራ አላስፈለጋትም። አሠራሩ ሁለት የብረት ጨው በውሃ ማዋሃድ፣ ወረቀት ወይም ጨርቅ ላይ መቀባት፣ ጨለማ ውስጥ ማድረቅ፣ ነገሩን ላዩ ላይ አስቀምጦ ፀሐይ ላይ ማውጣት፣ ከዚያ በውሃ ማጠብ ነው። ፀሐይ ያገኘው ሰማያዊ ይሆናል። ዕቃው የሸፈነው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እኔ መቀሶቻቸውን፣ ሜትራቸውንና ቁልፎቻቸውን ቁራጭ ጨርቅ ላይ እያስቀመጥኩ አተምኩ። ዕቃው በልኩ፣ አንድ ለአንድ፣ ጥላው ብቻ።

በዚህም ጉድ ሆኛለሁ። የወጡልኝን ሁሉ ውድ የሆነ፣ ፎቶ ለብዙ ዘመን የሚያቆይ የተባለ ወረቀት ላይ ለጠፍኳቸው። ከወራት በኋላ ሰማያዊው ገርጥቶ ቢጫ ቢጫ ማለት ጀመረ። ለካ ያ ወረቀት አሲድ እንዳይነካው ካልሲየም ካርቦኔት ተጨምሮበታል። ለብዙው ፎቶ መድኃኒት ነው፤ ለሳያኖታይፕ መርዝ። የሳያኖታይፕ ሰማያዊ ከአሲድ ጋር ይስማማል፣ አልካሊ ያፈርሰዋል። ልብስ በሚታጠብበት ሶዳ ብትነክሩት ዓይናችሁ እያየ ይሄዳል። ብርሃን ሲያገረጣው ግን ሌላ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ቢያስቀምጡት ቀስ እያለ ይመለሳል። ስለዚህ አሁን ለተወሰነ ጊዜ ከሰቀልኳቸው በኋላ አውርጄ መሳቢያ ውስጥ አሳርፋቸዋለሁ። ፎቶ እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

አንድ የሚያናድደኝን ነገር እዚህ ላይ ልናገር። ደካማ ፎቶ ላይ ቀለም ደፍቶ «ሚክስድ ሚዲያ» ማለት እየበዛ ነው። ፎቶው ለብቻው ካልቆመ ቀለሙ አያቆመውም። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ስለዚህ ከሩቅ ይታወቀኛል።

*

ወደ ጣቱ ልመለስ።

ከሴትዮዋ ጥያቄ በኋላ ወዲያው የመጣብኝ ሌላ አውራ ጣት ነው። ዶሮቲያ ላንግ በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት እናትን ከልጆቿ ጋር ያነሳችው ፎቶ በዓለም ላይ ከታወቁት የዶክመንተሪ ፎቶዎች አንዱ ነው። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሩቅ የምታየዋ ሴት። በኔጋቲቩ ታችኛ ቀኝ ጥግ ላይ የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ነበር። ላንግ ዓይን ይስባል ብላ ከኔጋቲቩ ላይ አስጠፋችው። ሥራውን ያዘዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የፎቶ ክፍል ኃላፊ ሮይ ስትራይከር በዚህ አልተደሰተም። ሰነድ ነው፣ አይነካም ባይ ነው። ዛሬም ጥቁር ጥላ ውስጥ ያ ጣት እንደ ጭጋግ ይታያል።

መቼም የሰው ነገር! ስትራይከር ራሱ ደግሞ መብሻ ነበረው። ፎቶ አንሺዎቹ የላኩትን ኔጋቲቭ ሲያይ ያልወደደውን ቀዳዳ ይበሳበት ነበር፣ ሁለተኛ እንዳይታተም። እነዚያ ኔጋቲቮች ዛሬ ሲታተሙ ጥቁር ክብ ይወጣባቸዋል። ገበሬ ሜዳ ላይ ቆሟል፣ ፊቱ ላይ ጥቁር ፀሐይ። ስለ አንድ ጣት የተቆጣው ሰው የስንቱን ፊት በስቷል። ያ ክምችት ወደ 175,000 የሚጠጋ ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ አለው፤ የተበሱትም አብረው ተቀምጠዋል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቹ ከዳኑት በላይ ያምሩኛል። ማን እንደ ቆረጠ፣ የት እንደ ቆረጠ በግልጽ ይታያላ።

በ2010 ደግሞ በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር የተሸለመ አንድ ፎቶ አንሺ ሽልማቱን ተነጠቀ። ከፎቶው ጥግ የአንድ ሰው እግር ጫፍ አጥፍቷል። የሚገርመው ሌላው ነው። ያው ሰው ዋናውን ፎቶ አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ ጥሎ ትንሿን ቦታ ብቻ አስቀርቷል፣ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሮታል፣ አጨልሞታል። ይህ ሁሉ ተፈቅዶለታል። ያስቀጣው የእግር ጫፏ ናት።

ሕጉን እየተሟገትኩት አይደለም። ለዜና ፎቶ መስመር የሆነ ቦታ ላይ መሰመር አለበት። ግን ያንን ታሪክ ሳስብ የራሴ ኩራት ይቀልብኛል። እኔ «አልቀንስም» እያልኩ ሦስት ዓመት ስቀንስ ነው የኖርኩት። ካሜራዬን ወደ ቀኝ ትንሽ ሳዞር በግራ በኩል የተቀመጠችው ሴት ትወጣለች። ከአራት ሺህ ሃያ ስመርጥ ሌላው ይወጣል። ልዩነቱ የዚያኛው መቀስ አለመታየቱ ነው። ንጹህ ጠርዝ ያለው አራት ማዕዘን ፎቶ ሲያዩ ሰዎች «ከዚህ ውጪ ምን ነበር?» ብለው አይጠይቁም። የተቀደደ ወረቀት ሲያዩ ግን ይጠይቃሉ። ሴትዮዋም የጠየቁኝ ለዚህ ነው። ጣታቸው ከፎቶው ፍሬም ውጪ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ልብም አይሉት።

ስለዚህ ኮላዡ ከፎቶው ይልቅ ሐቀኛ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ለሁለት ቀን ያህል ሠራ። በሦስተኛው ቀን የላንግ ፎቶ ሌላው ግማሽ መጣብኝ። ላንግ የዚያችን ሴት ስም አልጠየቀችም። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኗ የታወቀው በ1978፣ ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስትገኝም ባታነሳኝ ይሻለኝ ነበር ብላለች። ከዚያ ፎቶ አንድ ሳንቲም አላገኘችም። እሷ የተቆጣችው ስለ አውራ ጣቱ አልነበረም። ሊቃውንቱ ስለ ጣት ሲከራከሩ እሷን የጠየቃት የለም።

እኔ ስም ጠይቄያለሁ። ስማቸውን እዚህ የማልጽፈው ራሳቸው ስላልፈለጉ ነው። ፎቶ ለማንሳትና ለማሳየት ፈቃዳቸውን ወስጃለሁ፤ የተፈረመ ወረቀትም አለኝ። ያ ወረቀት ላይ ግን ስለ መቀስ አንድም ቃል የለም።

*

ሚክስድ ሚዲያ ላይ የገባ ዕቃ የራሱን ሕይወት ይዞ ነው የሚገባው። ለዚህ ከራውሸንበርግ ንስር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1959 ከሸራው ላይ ወጥቶ ክንፉን የዘረጋ፣ የደረቀ እውነተኛ ራሰ ነጭ ንስር የገጠመበት ሥራ አለው። ይህ ወፍ በአሜሪካ ከ1940 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። መግደል ብቻ አይደለም የተከለከለው፣ የሞተውንም መሸጥ ወንጀል ነው። ሠዓሊው ወፉ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የሞተ መሆኑን በ1998 በጽሑፍ ማረጋገጥ ነበረበት። የሥራው ባለቤት የነበሩት ሴት በ2007 ሲሞቱ ወራሾቻቸው አስገመቱት። ሊሸጥ የማይችል ነገር ስለሆነ ዋጋው ዜሮ ተባለ። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በበኩሉ 65 ሚሊዮን ዶላር ነው አለ፤ ወደ 29 ሚሊዮን ዶላር ግብርም ጠየቀበት። ዜሮ ለሚያወጣ ዕቃ! መጨረሻ ላይ በ2012 ሥራው ኒውዮርክ ለሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሰጥቶ ክርክሩ ቆመ።

ሠዓሊው ንስሩን ቀለምና ቅርጽ አድርጎ ነው የተጠቀመበት። ንስሩ ግን ንስር መሆኑን አልተወም። እኔም ጣቱን የግራጫ ቦታ አድርጌ ነው ያየሁት።

በዚህ ነገር ስናጥ ፎቶ አንሺውን ጂም ጎልድበርግን አስታወስኩ። ከ1977 እስከ 1985 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በርካሽ ሆቴል የሚኖሩ ድሆችንና በየቪላቸው ያሉ ሀብታሞችን ፎቶ አነሳ። ከዚያ ኅትመቱን ይዞ ተመልሶ ለራሳቸው ሰጣቸው። ዳሩ ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉበት። አንዳንዱ የእጅ ጽሑፍ ጠማማ ነው፣ ፊደሉም ስህተት አለበት፣ ግን ፎቶው የሚለውን የሚያፈርስበት ጊዜ አለ። ሰውዬው ኩሩ ሆኖ ቆሟል፤ ከሥሩ የሚያፍርበትን ጽፏል። ያለዚያ ጽሑፍ እኛ በኩራቱ አምነን እንሄድ ነበር።

እስክሪብቶ ገዝቼ ወደ ስፌት ክፍሉ ተመለስኩ። እንዴት እንዳሰብኩት ለመናገር አፍራለሁ፤ ጎልድበርግን ልደግም ነበር። ሴትዮዋ እስክሪብቶውን አዩት፣ እኔን አዩ።

«ምን ልጻፍልሽ ልጄ?»

«የፈለጉትን፣ እማማ።»

«እኔ የፈለግኩት ጣቴን ነው።»

እንግዲህ ምን ይባላል። በሌላ ቀን ስቱዲዮ መጡ። ቁርጥራጭ አልጥልም፤ ይህንንም ከነሱ ነው የተማርኩት። ሣጥኑን አውጥቼ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን ፈለግን። የሌላ ሴት ትከሻ ወጣ፣ የመኪና ጎማ ወጣ፣ ግማሽ መስኮት ወጣ። ጣቱ የተገኘው ከአንድ ቁራጭ ወረቀት ጀርባ ተለጥፎ ነው። ከክብሪት እንጨት እምብዛም የማይበልጥ ወረቀት። ጫፉ ላይ በሥራ ጊዜ የሚያጠልቋት የብረት ቆብ ትታያለች።

እኔ ሙጫ ላነሳ ስል እሳቸው መርፌ አነሱ።

ገበሩን ልንቀልልዎ ብዬ ነበር፣ ጣቱ ወደ ቦታው እንዲገባ። አልፈቀዱም። «ጥሩ ገበር ነው፣ አታበላሺው» አሉ። ከጎኑ፣ ከትንሿ ጣት ውጪ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጡት። የትም አገር የሐኪም መጽሐፍ ላይ አውራ ጣት እዚያ የለም። ሊሰፉት ጀመሩ፤ ሦስተኛው ስፌት ላይ ቆሙ። ወረቀቱ በመርፌው ቀዳዳ መስመር ሊቀደድ ነው።

«ጨርቅ ቢሆን ተሳስተሽም ፈትተሽ ትመልሺዋለሽ» አሉኝ። «ይሄ ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ። እንዴት ነው በዚህ የምትሠሪው?»

ቀዳዳውን አራራቁት፣ ክሩን አላሉት፣ ቀይ ክር ነው የመረጡት። ሲጨርሱ ጣቱ በትንሹ ተነስቶ ግድግዳው ላይ የራሱን ጥላ ይጥላል። ማታ መብራት ሲበራ ጥላው ይረዝማል። ሥራው ቢሸጥ ድርሻቸው ስንት እንደሚሆን በዚያው ቀን ተነጋግረን ጽፈን ተፈራረምን። ስለ መቀስም አንድ መስመር ጨመርንበት።

ያለቀ መስሎኝ ልሰቅለው ተነሳሁ። እሳቸው ከእጄ ተቀበሉኝና ገለበጡት። ልብስ ሰፊ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን እንደሆነ ረስቼ ነበር። ጀርባው የኔ ነው። የተድበለበለ ሙጫ፣ የተንጠለጠለ ክር፣ በፕላስተር የታሸገ ቋጠሮ፣ በእርሳስ የተጻፈ የስልክ ቁጥር።

«ይሄን ማነው የሰፋው?»

«እኔ ነኝ።»

ዝም አሉ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«መቀሱን አምጪው።»